ፍርድን የቀደመ አዋጅ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ከጣርማ በር ጫፍ ከደረሰ በኋላ፥ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ወግተው ባወጡት ዋሻ ገብቶ ሲወጣ፥ ከውርጩ ደጋ ወደ ይፋት ቆላ እየተጠማዘዘ በሚወርድበት ቁልቁለት ላይ የተቀመጠችው ከተማ ደብረ ሲና ናት። ስሟ ሕገ ኦሪት በጽላት ተጽፎ ለሙሴ የተሰጠበት ተራራ ስም ነው፤ ከዐሥሩ ትእዛዛትም አንዱ በባልንጀራ ላይ የሐሰት ምስክር መሆንን የሚከለክል እንደ ሆነ ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል። ስለ መንግሥት ነውር፥ ነውሩንም ወደ ሕዝብ ጆሮና ዓይን ስለሚያደርሰው የአዋጅ፥ የራዲዮና የሥዕል ጥበብ ለመጻፍ ስነሣ ነገሩን ከዚህች ከተማ የጀመርሁበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ በ1965 ዓ.ም. የተራቡት የወሎ ገበሬዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ዋናው ከተማ በእግራቸው የተጓዙበት መንገድ በመካከሏ ያልፋል። ያ ጉዞ ካልተነገረ፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ በቴሌቪዥን የታየው ፊልም ከየት እንደ መጣ፥ ስለ ምንስ ያን ያህል ኃይል እንዳገኘ አይገባንም።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ዛሬ ጋዜጠኞቻችን የፖለቲካ ቅሌት የሚሉትን ነገር የአውሮፓ ልሳናት የሚጠሩበት ስም ስካንዳሎን ከተባለው የግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፥ የጥንት ትርጉሙ በመንገድ ላይ የተቀመጠ ወጥመድ ወይም ዕንቅፋት ነው፤ ግእዙም ዕቅፍት ይለዋል። አማርኛ ግን ለዚሁ ጉዳይ ገበና የሚል የራሱ ቃል አለው፤ ገበናም በቤት ውስጥ ተሸፍኖ የሚኖር፥ ሸፋኙ የሚመሰገንበት፥ ገላጩ የሚወቀስበት ነገር ነው። ሁለቱ ቃላት የሚመለከቱት አቅጣጫ የተለያየ ነው፤ ገበና ዓይኑን የሚጥለው ባፈረው ባለቤት ላይ ሲሆን፥ ዕቅፍት የሚያየው ተደናቅፎ የወደቀውን መንገደኛ ነው። በአገራችን ታሪክ ባለ ሥልጣኖች ገበናቸውን ሲሸፍኑ መንገደኛውን ብዙ ጊዜ ረስተዋል፤ ገበናውን የገለጡትም ሰዎች፥ እያዘንሁ የምጽፈው ይህን ነው፥ የወደቀውን ከማንሣት ይልቅ የባለቤቱን ቤት ለመውረስ ቸኩለዋል።

ከዘመናዊው ታሪካችን ቀድሞ የሚመጣው የልጅ ኢያሱ ነገር ነው። ዐፄ ምኒልክ የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋን ልጅ አልጋ ወራሽ አድርገው በ1901 ዓ.ም. ባስነገሩ ጊዜ፥ ቃላቸውን የሚያፈርሰውን ሁሉ በጽኑ ርግማን አስረው ነበር፤ መኳንንቱም ምለው ተቀብለዋል። ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ ያንን መሐላ ለመሻር የተነሡት የሸዋ መኳንንት የወጣቱን መስፍን አስተዳደር የሚነቅፉበት በቂ ምክንያት አላጡም፤ ከመናገሻው ከተማ ርቆ ወራት መክረሙ፥ የአያቱን ሹማምንት ችላ ማለቱ፥ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ወገን ማዘንበሉ እያንዳንዱ ለምክር ቤት ክርክር የሚበቃ ጉዳይ ነበር። ዳሩ ግን የመንግሥት ክርክር ሰውን ከመሐላው አይፈታውም፤ ከመሐላ የሚፈታው የሃይማኖት ነገር ነው። ስለዚህ ክሱ ሁሉ ተጠቅልሎ በአንድ ቃል ውስጥ ገባ፤ ኢያሱ ሰልሟል ተባለ።

የዚያን ቃል ብርታት የሚያውቅ፥ የመልእክት ጥበብ የሚባለው ነገር ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ጋራ የተወለደ አለመሆኑን ይረዳል። በሐረር የእስላሞችን ልብስ ለብሶ ታየ፥ ለመስጊድ ሥራ ረዳ፥ የእስላም ባላባቶችን ልጆች አገባ፥ ጨረቃ ያለበት ሰንደቅ ዓላማ ላከ የሚለው ወሬ፥ ከፊሉ እውነት ከፊሉ ጭማሬ ሆኖ፥ ከገበያ ወደ ገበያ፥ ከደጀ ሰላም ወደ ደጀ ሰላም ይጓዝ ጀመር። ጥምጥም ጠምጥሞ የሚያሳዩት ፎቶግራፎችም ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ፤ ከነዚህም ውስጥ በቅንብር የተሠሩ እንደ ነበሩ ብዙ የታሪክ ጸሐፍት ያምናሉ። የቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በእሱ ዘመን በእሱ ፈቃድ መሠራቱ ግን በክሱ ውስጥ ስፍራ አላገኘም። የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ለጋሲዮኖችም በዚያው መስከረም ወር የተቃውሞ ደብዳቤ ለመንግሥቱ አቅርበው ስለ ነበረ፥ የውስጡ ወሬ ከውጭው ማስጠንቀቂያ ጋራ ተጋጠመ።

አዋጁ የተነገረበት ቀን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነበረ፤ የመስቀል በዓል የሚከበርበት፥ መኳንንቱ፥ ካህናቱና ሠራዊቱ ሳይጠሩ የሚሰበሰቡበት ዕለት። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መሐላውን ለመፍታት አመንትተው እንደ ነበረ ይተረካል፤ በመጨረሻ ግን ግዝቱ ተፈታ፥ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፥ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ተባሉ። ተከሳሹ በዚያ ሰዓት በሐረር ስለ ነበረ ክሱን ከከሳሾቹ አፍ አልሰማም፤ መልስም አልተጠየቀም። አባቱ ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ሠራዊት ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ በቶራ መስክ ራስ ልዑል ሰገድን ከነሠራዊታቸው ድል አድርገው ገደሏቸው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን የወዳጅነት ቃል ያለበት መልእክት እየላኩ ንጉሡን ሲያዘገዩ፥ የሸዋ ጦር ከየጠቅላይ ግዛቱ ተከማቸ። አዋጁ ከተነገረ ልክ አንድ ወር በሆነው በጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ሜዳ ጦርነቱ ሆኖ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺህ ሰው በዚሁ በእኛ ደጋ ሣር ላይ ወደቀ። ኢያሱ ሰልሟል ወይስ አልሰለመም የሚለውን ጥያቄ አንድ ጉባኤ ምስክር አቁሞ፥ ግራ ቀኙን ሰምቶ የመረመረበት ቀን አልነበረም።

የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የከሸፈው የመንግሥት ግልበጣ ነገር በዚህ ዳሰሳ ውስጥ በአጭሩ ቢታለፍ አይጐዳም፤ ሆኖም የደከመ መልእክት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ስለ ሆነ ፈጽሞ አይተውም። ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ ተነሥተው፥ በአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ድምፅ በራዲዮ ያስነገሩት ቃል ስለ አገሪቱ ድህነትና አዲስ ነፃ ከወጡት የአፍሪካ አገሮች ወደ ኋላ ስለ መቅረቷ የሚያትት ነበር። የተናገሩት አብዛኛው እውነት ነው፤ እውነትነቱ ግን ለብቻው አልበቃም። ሰሚው የተናጋሪውን ልብ ተጠራጠረ፤ ገበሬው ራዲዮ አልነበረውም፤ ካህኑም ከዚያ ቃል ውስጥ የለመደውን ልሳን አላገኘም። መልሱ ከሰማይ ወረደ፤ የፓትርያርኩ የአቡነ ባስልዮስ ውግዘት የታተመበት ወረቀት ከአውሮፕላን በከተማው ላይ ተበተነ። የጥይቱ ድርሻ ከፍ ያለ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በዚያ ሳምንት ራዲዮን ያሸነፈው ግዝት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። በ1958 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ በገባ ጊዜ የወረ ኢሉ ፖሊሶች ሁኔታውን በየወሩ ሪፖርታቸው ውስጥ ጽፈው ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በኋላ መዝገቡን ገልጠው እንዳሳዩት፥ ያ ወሬ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ሲተላለፍ ከንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ ለመድረስ 302 ቀን ፈጀበት፤ በደረሰም ጊዜ ከላይ የወረደው ትእዛዝ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ተጽፎ ይቅረብ የሚል ነበር። ይህን ያነበብሁ ዕለት መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። አንድ ሰው ከመሬት ሳይነሣ ወደ መቃብር ከሄደ በኋላ ስሙ ይጠየቃል፤ ስሙም የሚጠየቀው ለተዝካሩ ሳይሆን የሪፖርቱን እውነትነት ለማረጋገጥ ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ ረሃቡ በበለጠ ክፋት ተመለሰ። በ1965 ዓ.ም. ገበሬዎቹ ከቀያቸው ወጥተው በዚህ በሰሜኑ ጎዳና ዳርና ዳር ተሰለፉ፤ አውቶቡሶችንና የጭነት መኪናዎችን እያስቆሙ ምግብ ለመኑ፤ ወደ አዲስ አበባ የገሠገሡትም ከከተማው በር ላይ በፖሊስ ተመለሱ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰው ለተማሪዎቻቸው አሳዩ፤ መንግሥቱ ግን ነገሩን በዝምታ ለማፈን ሞከረ። የውጭ ረድኤት ድርጅቶች እንኳ ያወቁትን በአደባባይ እንዳይናገሩ ተለመኑ፤ ርዳታ ለማግኘት ረሃቡን መግለጥ ግድ ከሆነ ርዳታው ይቅር፥ የሚመጣው ኀፍረት ይበልጣልና ያለ ባለ ሥልጣን ነበረ። ስንት ሰው እንደ ሞተ በወቅቱ እስከ 200,000 ተብሎ ተነግሯል፤ በኋላ በጥንቃቄ የመረመሩት ሰዎች በወሎ ከ40,000 እስከ 80,000 ይገምታሉ። ትንሹን ቁጥር ብንይዝ እንኳ በነገሩ ላይ የሚቀንስልን ሸክም የለም።

ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያልታወቀው ረሃብ የሚል ስም የሰጠው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ያ ፊልም የተሠራው ወገኑ የሆነው ተመልካች እጁን እንዲዘረጋ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አስገኝቷል። በኢትዮጵያ ግን ከየካቲት ጀምሮ የወታደሩ፥ የመምህሩና የታክሲ ነጂው እንቅስቃሴ መንግሥቱን እያናወጠው ሄዶ፥ ሰኔ 21 ቀን ደርግ ከተቋቋመ በኋላ፥ የነጋሪት አዋጅ ሳይሆን የሥዕል አዋጅ የሚያስፈልግበት ሰዓት ደረሰ። ወታደሮቹ የዲምብልቢን ፊልም ወስደው በመካከሉ ሌላ ሥዕል አስገቡበት፤ የቤተ መንግሥቱ ግብዣ፥ የመሳፍንቱ ሠርግ፥ ለውሾች የሚጣለው ሥጋ ከኮረምና ከደሴ ሕፃናት አጥንት ጋራ እየተፈራረቀ ቀረበ። የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በቤተ መንግሥታቸው ተቀምጠው እንዲመለከቱት ተነገራቸው። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በአንዲት ቮልስዋገን መኪና ተወስደው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ሲሄዱ፥ በመንገድ የቆመው ሰው ሌባ እያለ ጮኸባቸው።

የዚህን ፊልም ጥበብ ረጋ ብለን እንመልከተው። አዋቂ ሰባኪ እንደሚያደርገው ብዙ ማስረጃ አልደረደረም፤ ሁለት ነገሮችን ጐን ለጐን አቁሞ ፍርዱን ለተመልካቹ ኅሊና ተወ፤ ተመልካቹም ፍርዱን ራሱ የሰጠ ስለ መሰለው ከማንም በላይ አመነው። የተመረጠው ቀን የዘመን መለወጫ ነው፤ ሰው በልቶ ጠጥቶ ከቤተሰቡ ጋራ በተቀመጠበት ምሽት የራበው ሕፃን ፊት ሲመጣበት እንጀራው በጉሮሮው ላይ ይቆማል። ምስክሩ የውጭ አገር ሰው በመሆኑ በወገን አድልዎ የሚጠረጥረው አልነበረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቀረበው ረሃብ እውነት ነበረ፤ በ1909ኙ መስከረም ፎቶግራፉን ማቀነባበር አስፈልጎ እንደ ሆነ፥ በ1967ቱ መስከረም ሐሰት ማቀነባበር አላስፈለገም፤ ሁለት እውነቶችን ማቀራረብ ብቻ በቂ ሆነ። በልጅ ኢያሱ ላይ በተነገረው የመስቀል ዕለት አዋጅ አልጋ ወራሽ የሆኑት ሰው፥ ከ58 ዓመት በኋላ በሌላ መስከረም፥ በሌላ በዓል፥ እንደ ኢያሱ መልስ ሳይጠየቁ በሥዕል ተከስሰው ወረዱ።

ፊልሙ ያላሳየውም ነገር አለ። ከወረ ኢሉ እስከ አዲስ አበባ 302 ቀን የፈጀውን ወረቀት፥ ወረቀቱን በመሳቢያው ያሳደረውን ጸሐፊ፥ ነገሩን እያወቀ ለግርማዊነታቸው መልካም መልካሙን ብቻ ያቀረበውን ሹም፥ ገበሬውን ከነጭራሹ ባዶ እጁን ያስቀረውን የመሬት ሥሪት አላሳየም፤ ሊያሳይም አይችልም ነበር፤ ይህ የሚታየው በምርመራ ነው። መርማሪ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ተቋቁሞ ሥራውን ጀምሮም ነበር። ዳሩ ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 የሚደርሱ የቀድሞ ባለ ሥልጣኖች፥ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ከነርሱ መካከል ሆነው፥ ያለ ፍርድ በጥይት ተደበደቡ። የወሎ አስተዳዳሪ የነበሩት ደጃዝማች ሰሎሞን አብርሃምም አብረው ሞቱ፤ ስለ ወሎ የሚያውቁት ሁሉ በፍርድ ቤት ቃል ሳይሆን አብሯቸው ተቀበረ።

በዚያው ወራት በባሕር ማዶ ይሠራ የነበረውን ነገር ሳስብ ልቤ ይከፋል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዋተርጌት ነገር ሥልጣናቸውን የለቀቁት ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ፊልሙን ካሳየበት ዕለት አንድ ወር ያህል ቀድሞ። እዚያም ጋዜጣው ነውሩን ገለጠ፥ ቴሌቪዥኑም የምክር ቤቱን ጉባኤ ለሕዝብ አሳየ፤ ነገር ግን በቴሌቪዥኑ የታየው ምስክር ሲምል፥ ሲጠየቅ፥ ሲመልስ ነው። ሐምሌ 17 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 በሆነ ድምፅ የድምፅ መቅጃው ካሴት ይሰጥ ብሎ ከወሰነ በኋላ ፕሬዚዳንቱ በራሳቸው ቃል ተያዙ። ጳጉሜን 3 ቀን ተተኪያቸው ይቅርታ ስላደረጉላቸው ብዙ አሜሪካዊ ተቆጥቷል፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። ያም ሆኖ ነገሩ ከነማስረጃው፥ ከነመዝገቡ ቀርቶላቸዋል፤ ልጆቻቸው ያነቡታል። ለእኛ የቀረን አንድ ማታ የታየ ፊልምና የአንድ ሌሊት ጥይት ነው።

ደርግ በወሎ ረሃብ ሥዕል ላይ ቆሞ እንደ ነገሠ ሁሉ፥ በወሎ ረሃብ ሥዕል ተዋረደ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ምሥረታ በታላቅ ድምቀት ሲከበር፥ አደባባዩን ለማስጌጥ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ሳይቀሩ መጥተው ሳለ፥ ሰሜኑ እንደ ገና ይራብ ነበር፤ ጋዜጠኞችም ወደዚያ የሚጓዙበት ፈቃድ በዓሉ እስኪያልፍ ዘገየ። ጥቅምት 13 ቀን ማይክል በርክና የካሜራው ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ዜና በቢቢሲ ታየ፤ ከ400 በላይ በሆኑ ጣቢያዎችም በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽነር የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በኋላ አገር ጥለው ወጥተው ያዩትን ጻፉ። ዘዴው ያው ነበር፤ ዕንቅፋቱን ሳያነሡ ገበናውን መሸፈን። እንዲያውም የከፋ ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱን የከሰሰው መንግሥት ከክሱ የተማረው ረሃብን እንዴት ማስቀረት እንደሚቻል ሳይሆን ካሜራን እንዴት ማዘግየት እንደሚቻል ነው።

ከዚያ ወዲህ ፊልም ከፍርድ ቤት ቀድሞ የሚናገርበት ልማድ በየመንግሥቱ እየተወረሰ ሄደ። በኅዳር 2004 ዓ.ም. በሽብር የተከሰሱ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች ጉዳይ በችሎት ላይ ሳለ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አኬልዳማ የተባለ ፊልም በተከታታይ አሳየ፤ አኬልዳማ ይሁዳ ክርስቶስን በሸጠበት ብር የተገዛው የደም መሬት ስም ነውና፥ ዳኛው ከመናገሩ በፊት ርእሱ ብቻውን ብያኔ ሰጠ። ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ጂሃዳዊ ሐረካት የተባለው ፊልም የእስልምና ጉዳዮች ኮሚቴ አባላት በፍርድ ሂደት ላይ ሳሉ፥ ጠበቆቻቸው ባወጡት የፍርድ ቤት እግድ ላይ ተረግጦ ታየ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ተለውጦ፥ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን የቀድሞ ዋና ዳይሬክተር በካቴና ታስረው ከሄሊኮፕተር ሲወርዱ በቀጥታ ሥርጭት ቀረቡ፤ ያለ ጨረታ በብዙ ቢሊዮን ብር ስለ ተፈጸመው ግዢ የተነገረው ነገር ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ፥ ያንን ካቴና ያየ ተመልካች ከዚያ ወዲያ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ የሚጠብቅበት ምክንያት አልቀረለትም። እነዚህን ሦስቱን እኩል አላደርጋቸውም፤ ሁለቱ ዝም ማሰኛ፥ አንዱ ሙስናን መግለጫ ነው። ነገር ግን በሦስቱም ተከሳሹ ታይቶ አልተሰማም።

ጋዜጠኛ ነውርን መግለጡን ይተው ማለቴ ከመሰለ አንባቢዬ አልተረዳኝም። የዩኒቨርሲቲው መምህራን በ1965 ዓ.ም. ይዘውት የመጡት ፎቶግራፍ በጋዜጣችን ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፥ ስንት ሺህ ሰው በዚህ መንገድ ላይ ከመውደቅ በዳነ ነበር! የሥዕል ብርታት የተሰጠን ለዚያ ነበረ። ሰውየው በሕይወት ሳለ ያልታየ ሥዕል፥ ሰውየው ከሞተ በኋላ ለሥልጣን መውጫ መሰላል ሆነ፤ የእኔ ኀዘን ይህ ነው።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ታመው ሞቱ ተብሎ በራዲዮ ተነገረ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በደርግ ባለ ሥልጣኖች ክስ ላይ ዐቃቤ ሕግ ታንቀው የተገደሉ መሆናቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ አቀረበ። አፅማቸውም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ በክብር ዐረፈ፤ የ60ዎቹም አፅም በዚያው ደብር ፍትሐት ተደርጎለት ተቀምጧል፤ ስማቸውም በድንጋይ ላይ ተጽፏል። በደብረ ሲና ቁልቁለት የሚወርዱ አውቶቡሶች ዛሬም ከከተማው መካከል ይቆማሉ፤ የገብስ ቆሎ የያዙ ልጆች ወደ መስኮቱ ይንጠራራሉ፤ ተሳፋሪው ገዝቶ ቆርጥሞ መንገዱን ይቀጥላል። በዚህ ጎዳና ዳር ሌላ ተሳፋሪ እንዲያቆምላቸው እጃቸውን ያነሡት የ1965 ዓ.ም. ገበሬዎች ፊታቸው በለንደንና በአዲስ አበባ ታይቷል፤ ከወረ ኢሉ ይላክ ተብሎ የታዘዘው የስም ዝርዝር ግን እነርሱን አልያዘም።